የመዋኛው ምረቃ

ግሬደን ፔልን አልወደውም፤ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። አያቱ የከተማችን ከንቲባ ሳሉ ፍርድ ቤት «ጥቁሮችም በማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ ይዋኙ» ብሎ ፈረደ። ከንቲባው ከእኛ ከጥቁሮቹ ጋር አንድ ውሃ ከመጋራት ይቅር ብለው ገንዳውን አፈር አስሞሉት። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያው በጋ ወንድሜ ሉተር ሙቀቱ ሲብስበት ወንዝ ወረደ፤ ውሃው በላው። እኔም ይኸው ስልሳ ስምንት ሞልቶኝ ዋና አልችልም።

አሁን ደግሞ ግሬደን በቤተሰቡ ስም በሚመራው በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል «የዘር በደልን ለመካስ» ብሎ እኛ ሰፈር አዲስ መዋኛ አሠራ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለነዳሁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል፤ ስለዚህ በምረቃው ቀን ምስጋና እንዳቀርብ ተመረጥኩ። ንግግሩን ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ። ላነበውም ነበር፤ እውነቴን ነው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ ታሚያ ዋና እንድትማርልኝ ስል የሰይጣንን ንግግር እንኳ አነብ ነበር።

በሩ ላይ ግን ፈተና ጠበቀን። ልጅ ሁሉ ገንዳውን አንዴ በዋና ያቋርጣል። ያቋረጠ አረንጓዴ የፕላስቲክ አምባር ይታሰርለትና እንዳሻው ይዋኛል፤ ያቃተው ቀይ ይታሰርለትና ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ዳርቻ ይቆያል። ለምረቃው ከወንዙ ማዶ ተጋብዘው የመጡት ነጭ ልጆች በአባቶቻቸው የግል ክበብ መዋኛ ሲዋኙ ያደጉ ናቸውና ያለ ችግር አቋረጡ። የእኛዎቹ የት ተምረው? ታሚያ ሁለት ክንድ ሳትሄድ ውሃ ጠጥታ ወጣች። እኩለ ቀን ላይ ጥልቁ ነጭ፣ ዳርቻው ጥቁር ሆኖ ቁጭ አለ።

«አያቴ፣ ልዋኝ አይደል እንዴ የመጣሁት?» አለችኝ ቀዩን አምባር እየጎተተች።

ፔልን ለእንግዶች ከተተከለው ድንኳን ጥላ ሥር አገኘሁት።

«ይሄ ምንድነው?»

«እትዬ ቬርሊን! አያምርም? ሁሉም በአንድ ውሃ!»

«ዓይንህ ደህና ነው? ቀዩን እነማን እንዳሰሩ እስቲ እይ።»

አየ። ጆሮው ቀላ። «የኢንሹራንስ ደንብ ነው። ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው።»

«አንተ ዋና የት ተማርክ?»

«ክበቡ ውስጥ። በአራት ዓመቴ።»

«ብቻህን?»

«አሠልጣኝ ነበረኝ።»

«የእነዚህስ አሠልጣኝ የታለ?»

«እሱን ለሚቀጥለው ዓመት እናስጠናዋለን። ኮሚቴ...»

«ጥናት! ስልሳ ዓመት ስታጠኑን አልበቃችሁም?»

ፈገግታው ጠፋ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ጋዜጠኞች አሉ። የመዋኛውን ማስኬጃ በየዓመቱ የሚያጸድቀው የድርጅታችን ቦርድ ነው። ዛሬ ቢያዋርዱን በመጪው በጋ በሩ ላይከፈት ይችላል። ያስቡበት።»

አሰብኩበት። ዝም ካልኩ ታሚያ ቢያንስ ጉልበቷ ድረስ ውሃ አላት። ከተናገርኩ እሱም ሊቀርባት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ወደ ማይክሮፎኑ የሄድኩት።

ወረቀታቸውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ቀይ አምባር ያሰራችሁ ልጆች» አልኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ የሚረብሹትን በምቆጣበት ድምፅ፣ «አሁኑኑ ከውሃው ውጡ!»

ያንን ድምፅ የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም። አንድ በአንድ ወጡ። ታሚያ እያለቀሰች የመጨረሻዋ ሆና ወጣች፤ ወደ እኔ ግን አልጠራኋትም። ዳርቻው ባዶ ቀረ። ገንዳው ውስጥ የቀሩት ጥልቁ ላይ ያሉት ሃያ የሚሆኑ ነጭ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

ወደ ፎቶ አንሺዎቹ ዞርኩ።

«በሉ እንግዲህ አንሡ» አልኳቸው። «አቶ ፔል፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉና ከስጦታዎ ጋር ይነሡ።»