የወለተሥላሴ ቆርቆሮ

ውዳሴ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች ከከተማው ጫፍ ወጥታ አሮጌውን መንገድ ያዘች። አያቷ ሠርክአዲስም ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጥላ በጥላው እየተከለለች፣ ኋላ ኋላዋ።

አሮጌውን መንገድ፣ አዲሱ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ መኪና ትቶታል። ከፍኖተ ሰላም ይወጣና የበቆሎውን ማሳ ሰንጥቆ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ጥቂት ይሄዳል፤ ከዚያ ድልድዩ ፈርሶ ወንዝ ላይ ይቀራል። አሁን የሚመላለስበት ገበያተኛ፣ አህያ ነጂ፣ ሩጫ የሚለማመድ ጎረምሳና ብስክሌተኛ ነው። ለሠርክአዲስ ግን መንገድ ሁሉ አንድ ነው፤ ሰው ይወስዳል። ልጇን እስከዳርን ወስዶ ዓረብ አገር አስቀርቶባታል። የቀረቻት የእስከዳር ልጅ፣ ይቺው ውዳሴ ናት። ዩኒቨርሲቲው «እስክንጠራችሁ ጠብቁ» ብሎ ልጅቱን ወደ ቤት ከመለሳት ወዲህ፣ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሮጣ በር የምትዘጋው፣ ዝናብ ባጉረመረመ ቁጥር ጃንጥላ ይዛ ደጅ የምትቆመው ለእሷ ነው።

ልጅቱም ደህና አልነበረችም። እህሉን ነካክታ ትተወዋለች። ሲጠሯት «ወይ» ትልና አትመጣም። ከምሳ በኋላ ብን ትላለች።

ከአንድ ትልቅ ሾላ ስትደርስ ውዳሴ ቆመች። ስልኳን አየች፣ ዛፉን አየች። ዞረችው። ደግማ ዞረችው። ከዚያ ተንበርክካ እጇን በሥሮቹ መካከል ሰደደችና ለብቻዋ ፈገግ አለች። ከራሷ ላይ አንድ ነገር ፈትታ ወደ ጉድጓዱ ጨመረች፤ ድንጋይ ገጥማ፣ ቅጠል አልብሳ ሄደች።

ሠርክአዲስ በበቆሎው ውስጥ ተሸሽጋ ታያለች። ሰው ያለ ነገር ሾላ ይዞራል እንዴ?

ልጅቱ ከዓይን ስትርቅ ሄዳ ድንጋዩን ፈነቀለችው። በብስክሌት የውስጥ ጎማ የተጠፈረ ቆርቆሮ ወጣ። ጎማውን ገና ሳትፈታው ቆርቆሮውን አወቀችው። ጎኑ የጎደጎደ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፤ በአጥር የምትዋሰናት የወለተሥላሴ የአብሽ ማስቀመጫ። ስንት ጊዜ ከመደርደሪያዋ አንስታ ጨልፋበታለች! ስትከፍተው አሁንም አብሽ አብሽ ይላል። ውስጡ ግን አብሽ የለም። መክፈቻ ያጣ ቁልፍ አለ፣ ሰማያዊ ጨሌ አለ፣ የዥግራ ላባ አለ። ከሁሉም በላይ የውዳሴ ቀይ የጸጉር ላስቲክ፣ ጸጉሯ እንደተጠመጠመበት።

«ወለቴ!» አለች፣ እዚያው ቁጭ ብላ።

ሠርክአዲስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። «መተት የሰነፍ ወሬ ነው» እያለች ሌላውን ስትገሥጽ የኖረች ሴት ናት። ግን የሌላ ሰው ጸጉር ሌላ ነገር ነው፤ የራስ ልጅ ጸጉር ከላባ ጋር ተቀብሮ ሲገኝ ሌላ ነገር ነው። ወለተሥላሴ በነሐሴ፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ ያለቻት ትዝ አላት። «ይቺን ልጅ ለሌላ አገር ሰው አትሰጫትም። እኔው ነኝ የማስቀራት።» ያን ጊዜ ስቀው ነበር። ወለተሥላሴ ያልዳረችው ወንድ ልጅ አላት፤ ብስክሌት የሚጠግነው ይታገሱ። ጎማውም የማን እንደሆነ ይኸው ታወቀ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የማርያም ማኅበርተኞቿ ከደጀ ሰላሙ አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ወለተሥላሴ የለችም፤ ለመስከረም ማርያም ጽዋው በእሷ ቤት ነውና ጌሾ ልትወቅጥ ቀድማ ሄዳለች። ሠርክአዲስ ቆርቆሮውን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው።

«እኔ የማንንም ስም አላነሣሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። የአብሽ ቆርቆሮ ሾላ ሥር ምን ይሠራል?»

ሴቶቹ ቆርቆሮውን አዩ፤ ጸጉሩን አዩ። ሁሉም ከዚያ ቆርቆሮ አብሽ ተበድረዋል። ከመካከላቸው ምላሷ የማያርፈው አምለሰት ከንፈሯን መጠጠች።

«አብሹስ ለሆድ ነበር። ይሄ ለልብ ሳይሆን አይቀርም።»

ሁሉም ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሠርክአዲስ ከመንታ መንገዱ ላይ ላምባ አርከፍክፋ ቆርቆሮውን ከነሆዱ አቃጠለችውና ቀለል ብሏት ወደ ቤቷ ገባች።

ማታ ውዳሴ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

«እምዬ፣ ሰዎች የሚሉት እውነት ነው? ሾላው ሥር የነበረውን እርስዎ ነዎት የወሰዱት?»

«አቃጠልሁት። ከእንግዲህ አይዞሽ፣ ዓለሜ።»

«ጨዋታ እኮ ነው!» አለች ልጅቱ። «ይታገሱ ነው ያመጣው። አንዱ ሣጥን ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ለሌላው ይሰጣል። ያኛው በእግሩም በብስክሌትም ሄዶ በስልኩ እየተመራ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሳተላይቱ አይጠፋም። ያገኘ ሰው አንድ ነገር ይወስዳል፣ በምትኩ አንድ ነገር ይተዋል። ጂኦካሺንግ ይሉታል። በሌላው ዓለም ትልልቅ ሰዎችም ይጫወቱታል።»

«ጸጉርሽስ?»

«የምተወው ባጣ ላስቲኬን ተውሁ። ጸጉሬም አብሮት ሄዶ ይሆናል።»

«ላባውስ?»

«የቴዎድሮስ ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ያምራል ብሎ።»

«ቆርቆሮውስ፣ ውዳሴ?»

«ይታገሱ ከእናቱ ለመነ። አብሹን ወደ ፌስታል ገልብጠው ሰጡት። 'አሮጌ ነው፣ ውሰደው' ነው ያሉት።»

ሠርክአዲስ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ እህል አልበላ ያለሽ ምን ሆነሽ ነው?»

«ትምህርቴ ቀርቶ፣ ጓደኞቼ ተበታትነው ምን ያስበላኛል? ያቺን መንገድ ስሄድ ብቻ ነው ትንሽ ቀለል የሚለኝ። ለስንት ሰው ነገሩ፣ እምዬ?»

«አልነገርሁም። ጠየቅሁ እንጂ።»

ውዳሴ ቀና ብላ አየቻት። ያ አስተያየት ከስድብ ባሰባት።

ሲነጋ ሠርክአዲስ የማኅበርተኞቹን ቤት ማንኳኳት ያዘች። መጀመሪያ አምለሰት ዘንድ ሄደች።

«ጨዋታ ነው?» አለች አምለሰት።

«የልጆች ጨዋታ።»

«ሣጥን መቅበር?»

«መልሰው ሊያገኙት።»

«ኧረ እቴ! ሊያገኙት ከሆነ ምን አስቀበራቸው? ማን ነው ይሄን ያለሽ?»

«ውዳሴ ናት።»

አምለሰት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የታሰረች ልጅ ሌላ ምን ልትል ኖሯል? አፏንም አስረዋታላ።»

«እኔ ነኝ የተሳሳትሁት እያልሁሽ! ወለቴን ያለ ስሟ...»

«አንቺ ደግሞ መቼ ስሟን አነሣሽ? ጠየቅሽ እንጂ። ያላልሽውን ምኑን ትመልሽዋለሽ?»

በየደጁ ያገኘችው ይህንኑ ነው። «እሺ» ይሏታል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በዓይናቸው ግን «ምስኪን» ይሏታል። ወለተሥላሴ ደጅ ስትደርስ ግን እግሬን አመመኝ አለችና አለፈችው። ነገ እላታለሁ እያለች የማርያም ቀን ደረሰ።

የወለተሥላሴ ቤት ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። ድፎው በሌማቱ፣ ጠላው በጋኑ ሙሉ ነው፤ አግዳሚው ባዶ። የነፍስ አባታቸው አባ ላቀው ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ «ቀብር አለብኝ» ብለው ሳይቀምሱ ወጡ። ይታገሱ ከጋኑ አጠገብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሟል፤ የሚቀዳለት ሰው የለም። የመጡት ሠርክአዲስና ውዳሴ ብቻ ናቸው።

ወለተሥላሴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። በሩን ደጋግማ አየችና ተወችው።

«ሰምቻለሁ፣ ሠርኬ» አለች። «ብትጠይቂ እኔን አትጠይቂም ነበር? በመካከላችን ያለው እኮ አጥር ብቻ ነው።»

«ይቅር በይኝ። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። እምቢ አሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ወለተሥላሴ፤ ቶሎ አለችው፣ በር እንደሚገጥም ሰው። ከልጇ እጅ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለች። ከጠላው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ፊት ለፊቷ ቀመሰች፣ ከዚያ ቀድታ ሰጠቻት። በኖሩበት ጉርብትና ወለተሥላሴ ለሠርክአዲስ ቀምሳ ቀድታላት አታውቅም። ይህ ለባዳ የሚደረግ ነው።

ሠርክአዲስ ዋንጫውን ተቀበለች። እውነቱን ታውቃለች። ከዚህ ቤት ክፉ እንደማይወጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጠጪው፣ አለች ለራሷ፤ አንቺ ከጠጣሽ ነገ እነሱም ይጠጣሉ። ዋንጫውን አነሣች። ጠላው ጠቁሮ አያት። በስመ አብ ብላ አማተበችበት። ደግማ አማተበችበት። ብትሆንስ? ዋንጫው አገጯ ሥር ደርሶ ቆመ፤ እጇ አልታዘዝ አለ።

ወለተሥላሴ አየች።

«ተዪው፣ ሠርኬ። ግድ የለም» አለችና ዋንጫውን ከእጇ ወሰደችው።

«እኔ እጠጣዋለሁ» አለች ውዳሴ። ተነሥታ ከወለተሥላሴ እጅ ተቀበለች፤ ቆማ እስከ አተላው ጠጣችውና ዳቦውን ልትቆርስ ወደ ሌማቱ ሄደች። ቢላዋ እየፈለገች፣ ዞር ሳትል፣ «እምዬ፣ ቤት ይሂዱ» አለች። «እኔ ዛሬ እዚህ ነኝ።»

ሠርክአዲስ በግድግዳው ተደግፋ ወጣች። አምለሰት ከበሯ ላይ ቆማ ትጠብቅ ኖሯል።

«ጠጣሽላት?»

«ጠጣሁ» አለች ሠርክአዲስ። «እስከ አተላው።»

አምለሰት የሚንቀጠቀጠውን እጇን አየች፣ የደረቀ ከንፈሯን አየች።

«እግዜር ያውጣሽ» ብላ አማተበችና በሯን ዘጋች።