ያለፈው ወር ደም

በትሮምሶ፣ በደም ምርመራ ክፍሉ፣ ኦድቫር ብልቃጦቹን ከባልደረባው ከቶሩን እጅ ወሰደ። «ለእህትሽ ደም ያንቺ ዓይን አይታመንም፤ ዞር በይ» አላት።

ዞር አላለችም። በመጀመሪያው ወሊድ የልጁ ደም ከእህቷ ከኢንግቪልድ ደም ጋር ተቀላቅሎ፣ ነጭ ሴሎቿ ባዕድነቱን ለይተው ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ተምረዋል። ሴሎቹ አይረሱም፤ አሁን በሆዷ ያለውን የሁለተኛውን ልጅ ደም ሊያጠፉ ይችላሉ።

ኦድቫር ከደሟ የጠለለውን ውሃ በየብልቃጡ በእጥፍ እያቀጠነ ከመፈተሻ ቀይ ሴሎች ጋር ቀላቀለው። ፀረ እንግዳ አካሉ በበዛ ቁጥር ሴሎቹ ይበልጥ በቀጠነው ብልቃጥም ይጓጉላሉ። ባለፈው ወር የጓጎለው እስከ አራተኛው ብልቃጥ ብቻ ነበር። ዛሬ አምስተኛውም ጓጎለ። ስድስተኛው ሲጓጉል ቶሩን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች።

«ልጁ አለቀለት?»

«አንቺ ሟርተኛ! የድሮውን ሳናይ ነው እንዴ የምታለቅሺው?»

በደንባቸው ያለፈው ወር ደም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከአዲሱ ጎን ይፈተሻል። ኦድቫር ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳ። በዛሬው መፈተሻ ሴል የድሮውም እስከ ስድስተኛው ጓጉሏል።

«የበረታው ዛሬ የከፈትነው መፈተሻ ሴል ነው። የእህትሽ ፀረ እንግዳ አካል አልጨመረም» አለ።

ቶሩን ተነፈሰች። የዛሬውን ደም ለሚቀጥለው ወር ማቀዝቀዣ ውስጥ ስታስቀምጥ ግን በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የእህቷን ስም ደግማ አነበበች።