የአራጌ ባሕር ዛፍ

መምህርት አሰጋሽ ዲግሪዋን ያቋረጠችው አባቷ የታመሙ ጊዜ ነው። ሦስት ክረምት ደሴ እየተመላለሰች ተምራ፣ ለአራተኛው ያጠራቀመችው ብር ለአባቷ መድኃኒት፣ የተረፈውም ለቀብራቸው ወጣ። ከዚያ ዛሬ ነገ ስትል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በምታስተምርበት በመካነ ሰላም ከተማ ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች ዲግሪ ይዘው እዚያው ትምህርት ቤት ተቀጠሩ፤ አንዷማ አለቃዋ ሆነች። አሰጋሽ አልቀናችም። ግን ስብሰባ ላይ «ዲፕሎማ ያላችሁ እጅ አውጡ» ሲባል፣ በአርባ ዓመቷ ያችን እጅ ማንሳት እየከበዳት መጣ።

ደሴ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የድሮ ውጤቷን ተቀብሎ ቀሪውን በርቀት እንድትጨርስ ፈቀደላት። ግማሹ ክፍያ ግን በቅድሚያ ነው። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የሚተርፍ ደሞዝ አልነበራትም።

ይህን ለታላቅ ወንድሟ ለአራጌ የነገረችው እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር። አራጌ ወግዲ ወረዳ ገጠር ውስጥ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ገበያ ሲወጣ እሷ ቤት ጎራ ይላል። ልጆች ሳሉ አባታቸው ለእርሻው ሰው አጥሯቸው «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቅሩ» ሲሉ፣ «እሷ ትማር» ብሎ ከሦስተኛ ክፍል የቀረው እሱ ነው። የኮሌጁን ወሬ ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ከወገቡ በላስቲክ የተጠቀለለ ብር ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ጋሼ፣ ከየት አመጣኸው?»

«ባሕር ዛፉን ሸጥሁት።»

«ለቤት የተከልከውን?»

«ዛፍ ነው፣ ሌላ ይተከላል። አብሽሪ። አንቺ ግን እያረጀሽ ነው» ብሎ ሳቀ።

«በለጡስ ምን አለች?»

«እሷን ለእኔ ተዪልኝ።»

በለጡ ሚስቱ ናት። ያንን ሁሉ ዛፍ ስምንት ዓመት ሙሉ አብራው ስትኮተኩት የኖረችው ቆርቆሮ ቤት ይሠራበታል ተብሎ ነው። የሚኖሩበት የሳር ቤት ጣሪያው ረግፎ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። ብሩን መመለስ እንዳለባት አሰጋሽ ያኔም ታውቅ ነበር። አልመለሰችም።

ዓመት ከመንፈቅ ተማረች። ቀን እያስተማረች፣ ጎህ ሳይቀድ ሞጁል እያነበበች፣ ትምህርቱን ጨረሰች። የቀራት በሰኔ ደሴ ላይ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ብቻ ነበር። ፈተናው ግን በኮምፒውተር ነው፤ እሷ ደግሞ ማውዝ በእጇ ይዛ አታውቅም። መልሱን እያወቀችው ጠቋሚው ከጣቷ ሥር እየሸሸ ሌላ ቦታ ላይ ያርፍባት ነበር። ብዙ ጥያቄ ሳትነካ ሰዓቱ አለቀና ስክሪኑ ተዘጋ። ውጤቱ ሲወጣ አርባ ስድስት ሆነ።

ለአራጌ በስልክ ልትነግረው አልቻለችም። በሐምሌ፣ መኪናው እስከሚደርስበት ሄዳ የቀረውን በጭቃ በእግሯ ወጣችው። ቤቱ ስትገባ በለጡ ከጣሪያው የሚንጠባጠብበት ቦታ ሁሉ ሳፋና ድስት ደርድራለች። አራጌ ገና ሲያያት ፊቱ በራ።

«እህሳ? ጨረስሽ?»

«አላለፍሁም፣ ጋሼ።»

«እንዴት? ተከፍሎ የለ?»

«የተከፈለው ለትምህርቱ ነው። መጨረሻ ላይ የመንግሥት ፈተና አለ። ከመቶ ሃምሳ ማምጣት ነበረብኝ፤ አርባ ስድስት አመጣሁ።»

«አራት ነው የጎደለሽ?»

«አራት።»

አራጌ ትንሽ አሰበና «አራቱን ብንከፍላቸው አይሞሉልሽም?» አለ። የምሩን ነው የጠየቀው። አሰጋሽ አይሆንም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

ይሄኔ በለጡ ከጓዳ ተናገረች። ድምጿን አላነሳችም።

«እኔ ከገበያ ስመለስ ዛፉ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው ያገኘሁት። ማንም አልጠየቀኝም። ዝም ያልሁት እህቱ ትማርበታለች ብዬ ነው።»



መስከረም ሲጠባ አራጌ የቆርቆሮና የእንጨት መግዣ ላምጣ ብሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ለአሰጋሽ አልነገራትም፤ የሰማችው ገበያ ከወጡ ጎረቤቶቹ ነው። ቆላው አልተስማማውም። ወባ ይዞት ሦስት ሳምንት ተኛና ያገኘው የቀን ምንዳ እዚያው ለመድኃኒት አለቀ። ኅዳር ላይ ሰው ደግፎት ባዶ እጁን ቤቱ ገባ።

አሰጋሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈለች ማውዝ መያዝ ለመደች። ለድጋሚ ፈተናው ተመዘገበች። በየካቲት ሃምሳ አራት አመጣች። ውጤቱን ስልኳ ላይ ስታየው እልል የምትል መስሏት ነበር፤ ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን ይዛ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። አራጌ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።

«አለፍሁ፣ ጋሼ።»

«እሰይ! በለጡ፣ እልል በይ እንጂ!» ብሎ ሊጮህ ሞከረ፤ ሳል አቋረጠው። በለጡ ብቅ ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ገባች።

ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው። «የአባባ ስም የቱ ጋ ነው?»

አሰጋሽ ጣቱን ይዛ ከስሟ ቀጥሎ ያለው ላይ አደረገችለት። ጣቱን ሳያነሳ ብዙ ቆየ። ከዚያ ደከመኝ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

አሰጋሽ ወደ ውስጥ ገብታ በለጡ አጠገብ ቆመች።

«ደሞዜ ትንሽ ይጨምርልኛል» አለቻት። «ክረምት እስኪገባ በየወሩ ቆርቆሮ እየገዛሁ እልክልሻለሁ።»

በለጡ ምስር መልቀሟን አላቆመችም።

«ቆርቆሮውን ምን ላይ ልምታው?» አለች። «እንጨት የለኝ። ቤት የሚያቆምልኝን ሰው ደግሞ ደጅ አይተሽው መጣሽ።»

አሰጋሽ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ስትወጣ ወንድሟ ወረቀቱን ደረቱ ላይ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ልትቀሰቅሰው አልደፈረችም፤ ወረቀቱንም ሳትወስደው ሄደች።