ከጥሪው በኋላ ያለው ፉጨት

ወንድሟ ወንበር ላይ ቆሞ የበቀቀኑን የሽቦ ቤት ከጣሪያው ማንጠልጠያ ለማውረድ ይታገላል። በቀቀኑ ደንግጦ ክንፉን እያራገበ የሱፍ ቅርፊት ጸጉሩ ላይ ይበትንበታል።

"ያዢልኝ እንጂ! ቆመሽ ታያለሽ እንዴ?"

እህቱ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና የሽቦውን ቤት ከሥር ደገፈችለት።

"ወዴት ልትወስደው ነው፣ ወንድም ጋሼ?"

"ለሸጠልሽ ሰውዬ እመልስለታለሁ። አልቀበልም ካለ ለፈለገው ሰው ይስጠው። አባባን ሊገድልብን የነበረ ወፍ እዚህ ቤት አያድርም።"

አባታቸው አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ያያሉ። ግንባራቸው አምስት ቦታ ተሰፍቷል፤ ግራ እጃቸው በጀሶ ታስሯል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአልጋ ሲወርዱ ወድቀው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሚንቶው ላይ ተጋድመው ሲጣሩ ቆይተዋል። ልጃቸው ከስስ ግድግዳ ወዲያ፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ የሙሽራ ቀሚስ እየሠራች ነበር።

"በቀቀኑ መሰለኝ" ብላ ነበር ለወንድሟ በስልክ። "የስፌት ማሽኑም ይጮህ ነበር።"

በቀቀኑን የመረጠችው ራሷ ነበረች። አባቷ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ በቀን ሃያ ጊዜ ይጠሯታል። "እሙዬ፣ እስቲ ነይ።" መጋረጃውን እንድትከፍት፣ ቆይቶም እንድትዘጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት። ሥራዋን ጥላ ስትገባ፣ "ምን ልልሽ ነበር… ጠፋኝ" ይሏታል። ወፍ ሻጩ ሁለት በቀቀኖች አሳያት፤ አንዱ አረንጓዴ፣ መልከ መልካምና ዝምተኛ፣ ሌላው ደረቱ ላይ ላባው የሳሳ ግራጫ።

"የግራጫውን መልኩን አትዪ" አላት ሻጩ። "እሱ ካለ ሰው አያስፈልግም። እኔ ከሚስቴ ጋር ስንኳረፍ ከሱ ጋር ነው የምውለው፤ ያውም አያቋርጠኝም።"

ሳቀችና ግራጫውን ወሰደች። ሰው ሲጠይቃት "ለአባባ ጓደኛ" ትል ነበር። እሷ የፈለገችው ግን ሳይጠሯት የምትውልበትን ቀን ነበር።

በቀቀኑ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለመደ። በአባቷ ድምፅ፣ ሳላቸውን እንኳ ሳያስቀር፣ "እሙዬ፣ እስቲ ነይ" ይላል፤ ከዚያ አንድ አጭር ፉጨት ያፏጫል። ሳያፏጭ ጠርቶ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየሮጠች ስትገባ አባቷ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። "ዛሬም በነጻ አሯሯጠሽ!" ይሏታል። ውሎ አድሮ ሩጫው ቀረ። ስትጠራ ቆም ብላ ፉጨቱን ትጠብቃለች፤ ከተሰማ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ትናንት ፉጨቱ አልተሰማም።

ማሽኑም አልጮኸም። ሙሽራዋ ቀሚሷን ልትወስድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ የቀረው ከጀርባው የሚደረደሩትን ሠላሳ ሁለት ቁልፎች በእጅ መትከል ነበር። "እሙዬ" ሲባል መርፌዋ ቆመ። ፉጨቱን ጠበቀች። እንደገና ተጠራች፤ አሁንም ፉጨት የለም። "በቀቀኑ ነው" አለች ጮክ ብላ፣ አጠገቧ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል። ከዚያም ቀጣዩን ቁልፍ አነሳች። አሥራ አራተኛው ነበር። ሠላሳ ሁለተኛውን ተክላ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ነው የተነሳችው።

ወንድሟ የሽቦውን ቤት ይዞ ከወንበሩ ወረደ። ፊቷን አየና ድምፁን ለዘብ አደረገ።

"አንቺን ማን ወቀሰሽ? ይሄ አስመሳይ እየለፈለፈ፣ በዚያ ላይ ማሽኑ እየጮኸ፣ በምን ትለዪው?" ወደ አልጋው ዞረ። "አይደለም እንዴ፣ አባባ?"

አባታቸው አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው እስካሁን አልደከመም። ከግድግዳው ወዲህ ሆነው "እሙዬ፣ ማሽንሽ ዘይት ጠምቶታል" የሚሏት እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ ጀሶው መለሱ።

"አዎ" አሉ። "ማሽኑ በጣም ይጮህ ነበር። የራሴም ድምፅ አልተሰማኝ።"

ጆሮዋና አንገቷ ጋሉ። ቢቆጧት ትችለው ነበር።

ወንድሟ ነጠላ ጨርቅ ፈልጎ የሽቦውን ቤት ሸፈነ።

"ሱፉንም ውሰድለት" አሉ አባታቸው። "ጠዋት ጠዋት ካልበላ ያኮርፋል።"

"ሬዲዮ አመጣልዎታለሁ፣ አባባ። አዲስ።"

"ሬዲዮማ ሲያወሩት አይሰማም።" እንደ ቀልድ ነበር የጀመሩት፤ መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ሰለለ።

ወንድሟ በሩ ጋ ሲደርስ ከፊቱ ቆማ አገኛት።

"አስቀምጠው፣ ወንድም ጋሼ።"

"ምን ሆነሻል ደግሞ?"

"ማሽኑ ቆሞ ነበር። ቁልፍ ነበር የምተክለው፣ በእጄ። አባባ መሆናቸውን አውቄያለሁ።"

"አውቀሽ?"

"አውቄ።"

"አንድ ሰዓት ሙሉ?"

ወንድሟ የሽቦውን ቤት ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ አባቱን ሳመ፣ እሷን ሳያይ በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

"ምን ሊረባሽ ነገርሽው?" አሉ አባቷ፣ የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ።

"ታዲያ ወፉ ምን አደረገ?"

ወንበሩ ላይ ወጥታ የሽቦውን ቤት ቦታው ሰቀለችው፤ ጨርቁን ገፈፈች፤ የተበተነውን ቅርፊት ጠረገች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። የተኙ መስለዋል። ወደ ክፍሏ ተመልሳ አንድ ያልተጀመረ ቀሚስ ዘረጋች፤ ክር አስገብታ የማሽኑን መርገጫ ልትረግጥ እግሯን አነሳች።

"እሙዬ፣ እስቲ ነይ።"

ፉጨቱን ሳትጠብቅ ተነሳች።