የዘንባባ ፍሬ፣ ከአሥራ ሁለት ዛፍ

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ከናሙናው የተረፈውን የመጨረሻ የዘንባባ ፍሬ በቢላዋ ትልጥ ነበር። ብርቱካናማው ጭማቂ እስከ እጅ አንጓዋ ወርዷል። ይሄ ቀለም በሳሙና አይለቅም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጣቶቿ እንዲህ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም «እትዬ ዘንባባ» ማለት ከጀመሯት ቆይተዋል።

«አባባ፣ ሰባት ቁጥር ከረጢት ውስጥ ያለው ፍሬ፣ ዛፉ የት ጋ ነው የበቀለው? ቅጹ ላይ ቦታውን ሳልሞላው ቀርቼ ነው።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቅጹ ያለዚያም ይሄድላት ነበር። ለሽማግሌው ለመደወል ግን ሰበብ አታጣም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቷ ውስጥ የሚናገር ነገር ቢኖር ሬዲዮ ነው። እዚህም ወጣቶቹ ባለሙያዎች ማሽናቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወሩ፣ በአሮጌው ቤተ ሙከራ ከማድረቂያ ምድጃውና ከሚያንኮራፋው ፍሪጅ ጋር የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በሳምንት አንዴ «ልጄ» የሚላት ሰው እኚህ በመልክ እንኳ የማታውቃቸው ፍሬ ለቃሚ ናቸው። ወደሳቸው ለመሄድ መኪና ስትጠይቅ የመሥሪያ ቤቱ አለቆች «ለዘንባባ?» ብለው ስቀውባታል።

«የትኛዋ ሰባት?» አሉ ሽማግሌው።

«ቁጥር የጻፍኩባቸው ከረጢቶች በአውቶቡስ ልኬልዎት አልነበር? አንድ ከረጢት ለአንድ ዛፍ።»

«እሱማ ልከሻል፣ ተባረኪ። ሞልቼ መለስኩልሽ አይደል?»

«አዎ፤ እና ሰባተኛው ዛፍ...»

«ያቺው ናት እኮ። የጓሮዬ።»

«የጓሮዎ አንድ ቁጥር አይደለችም እንዴ?»

«አንድም እሷ፣ ሰባትም እሷ፣ አሥራ ሁለትም እሷ!» ሽማግሌው ሳቁ። «እንዴ፣ ልጄ! አንቺን የምታክል ተመራማሪ ፍሬ ላኩልኝ ብላኝ የወንዝ ዳሩን ዘንባባ ቃጫ ልላክልሽ? ኮምጣጣ፣ ከሲታ ነገር። ጥርስ ውስጥ መሰንቀር ነው ሥራው። ሰው ምን ይለኛል?»

ቢላዋውን አስቀመጠችው።

«ባለቤቴ ናት የተከለቻት» ሽማግሌው ቀጠሉ። «ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ የትም አትደፋም፣ ለሷ ነበር የምታጠጣው። አሁን እኔ አጠጣለሁ። ፍሬዋን የሚቀምስልኝ ሰው አጥቼ አንቺ ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኝ... አልጣፈጠሽም እንዴ?»

«ጣፍጦኛል፣ አባባ» አለች። መልሳ እንደምትደውል ነግራቸው ዘጋችው።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሠንጠረዥ አየችው። ዘይቱ፣ ፕሮቲኑ፣ ለዓይን የሚበጀው ቫይታሚን፤ አሥራ ሁለቱም ረድፍ ቁርጥ አንድ ነው። ቁጥሮቹ ሲገጥሙላት እንዴት ተኩራርታ ነበር! የሠላሳ ዓመት እጅ ማለት ይሄ ነው ብላ ለብቻዋ ኬክ ገዝታ በልታለች። ወይ ጉድ! አንዱን ዛፍ አሥራ ሁለት ጊዜ ለክታ ባይገጥምላትማ ነበር የሚያሳፍረው።

በሩ ተንኳኳና የክፍሉ ኃላፊ አንገቱን አስገባ። ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ ሚዛን አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ሪፖርቱ አለቀ? የዘይት ፋብሪካው ሰዎች ስምንት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ቁጥሩን አይተው እኮ አብደዋል! ፍሬው የመጣበት አካባቢ ገበሬዎች በቆሏቸውን ነቅለው ዘንባባ እንዲተክሉ ዛሬውኑ ሊፈራረሙ ነው።»

«በቆሏቸውን ነቅለው?»

«ታዲያስ! ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀርዎት፣ ይኸው የልፋትዎን አገኙ።»

«እስቲ ቁጭ በል» አለችውና አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ኃላፊው ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ታዲያ ይሄን ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«እትዬ፣ የለኩት እኮ እውነተኛ ፍሬ ነው። ሐሰት አልጻፉም። ይሄ ከቀረ ጥናቱ ይዘጋል፤ ያውቁታል አይደል? ይህን ክፍል ዕቃ ቤት ሊያደርጉት አሰፍስፈው ነው ያሉት።»

«አውቃለሁ።»

ፈለገችው። ለምን ይዋሻል፣ ቁጥሩ እንዳለ እንዲያልፍ ፈለገች። ስሟ ሲጠራ፣ ሰው ተነስቶ ሲያጨበጭብላት፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ አዲሱ ሕንፃ ተጠርታ ስትገባ ታያት። ከዚያ ደግሞ ማሳውን ያጠፋ አንድ ገበሬ፣ ዛፉ ፍሬ እስኪይዝ ስንት ዓመት ጠብቆ፣ ኮምጣጣ ቃጫ ሲለቅም ታያት። የሚያጠጣለት የዕቃ ማጠቢያ ውሃም ለአንድ ዛፍ እንጂ ለሺህ አይበቃም።

እስክሪብቶዋን አነሳች። «የናሙና ዛፎች ብዛት» ከሚለው ፊት ያለውን 12 ሰርዛ 1 ጻፈችና አጠገቡ ፈረመች።

«እንካ፣ ይሄን ስጣቸው።»

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ በሩ ጋ ቆመ። የተናደደም ያዘነም ይመስል ነበር። «እንደገና ሊሠሩት አስበው ከሆነ፣ መኪና የሚፈቅድልኝ የለም እኮ፣ እትዬ።»

«አውቶቡስ አለ። የዓመት ፈቃዴም አልተነካም።»

እሱ ሲወጣ ስልኩን አነሳች። ሽማግሌው ገና ሳይጠራ አነሱት፤ አጠገቡ ተቀምጠው የጠበቁ ይመስላሉ።

«አባባ፣ ነገ እመጣለሁ።»

«እዚህ? እኔ ቤት?»

«ያንን ኮምጣጣውን ያሳዩኛል። አብረን እንለቅማለን።»

«ምን ያደርግልሻል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ፣ አበላሸሁብሽ መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ ሳልመጣ የቀረሁት።»

«እንግዲያው አልጋ ላንጥፍ» አሉ ሽማግሌው። «ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

አሥራ ሁለት ዛፍ መልቀም የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች። እሳቸውም ያውቃሉ።

«በቀን አንድ ዛፍ ነው የምንለቅመው» አለች።