ሠንጠረዥ ሦስትን ማን ሠራው

ጽሑፉ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። አራሚዋ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሯን ከፈተችና የላኪውን ስም ስታይ ክው ብላ ቀረች።

የምትሠራበት የዩኒቨርሲቲ መጽሔት የማያወጣው ጥናት የለም፤ የንብ በሽታ፣ የጥንት ሸክላ ስብርባሪ፣ የኮንክሪት ጥንካሬ፣ የሕፃናት አፍ መፍታት። እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሁሉንም ሰረዝና ነጥብ ስታስተካክል ኖራለች። ለዚህም ነው የቢሮው ሰዎች በቀልድ «ነጠላ ሰረዝ» የሚሏት። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን የዚህ ሰው ጽሑፍ እጇ ገብቶ አያውቅም።

ሰውየው የውሃ ምህንድስና መምህር ነው። ወንዝ ወደ ግድብ ስለሚያስገባው ደለል ሲናገር ስለሚውል ተማሪዎቹ «አባ ደለል» ይሉታል። ነጠላ ሰረዝም ተማሪው ነበረች። ለዶክትሬቷ ሦስት ዓመት ጀልባ ላይ ተንጠልጥላ ውሃ ቀድታለች፤ አጣርታ፣ አድርቃ፣ መዝናለች። «እስቲ ልያቸው» ብሎ መዝገቦቿን ወሰደ። መመረቂያዋን ልታቀርብ ሁለት ወር ሲቀራት ያ ሁሉ ልፋት በሱ ስም ታትሞ ወጣ። የሷ ስም የተገኘው መጨረሻው ገጽ ላይ፣ «ለላብራቶሪ እገዛ» ከተመሰገኑት መካከል ነው። ይባስ ብሎ ፈታኞቹ ሁለቱን ጽሑፎች አስተያዩና «ከመምህርሽ ገልብጠሻል» ብለው አባረሯት። እሱም እዚያው ተቀምጦ መነጽሩን እየወለወለ፣ «ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ምን እንደነካት እንጃ» አለ።

ያንን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።

አሁን አባ ደለል ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን የጎደለው አንድ የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነው። ያ ጽሑፍ እጇ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ማንከባለል ነበር። አንዴ የምስሉ ጥራት፣ አንዴ የዋቢው አጻጻፍ እያለች ስምንት ወር ልታንገላታው ትችላለች፤ ማንም ምን አደረግሽ አይላትም። ግን እንደ ልማዷ ማንበብ ጀመረች፤ ሠንጠረዥ ሦስት ላይ ስትደርስም ቆመች።

አባ ደለል ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ የለውም፤ አንባቢው ትንፋሽ አጥሮት ነው ነጥቡ ላይ የሚደርሰው። ይህ ግን አጭር፣ ንጹሕና ጥንቁቅ ነው። ሠንጠረዡ ካለፈው ዓመት ሐምሌ አሥር እስከ ሃያ በየጠዋቱ ከግድቡ መሐል የተቀዱ ናሙናዎችን ይዘረዝራል፤ ከሥሩም «ናሙናዎቹን በሙሉ የቀዳው ጸሐፊው ራሱ ነው» ይላል። ሳቋ አመለጣት። ሰውየው እኮ ጀልባ ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል! በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከዳር አልፎ አያውቅም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ተነሥታ ከመደርደሪያው ያለፈውን ዓመት የዩኒቨርሲቲውን የዜና እትም አወጣች። ገጽ አራት ላይ አባ ደለል ባሕር ማዶ፣ አበባ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ጀርባ ፈገግ ብሏል። «ከሐምሌ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሁለት የተካሄደውን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርተዋል» ይላል ከፎቶው ሥር። ያረመችው ራሷ ነች።

«እጅ ከፍንጅ» አለች ለብቻዋ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውሃ ላብራቶሪው ወረደች። ከተባረረች ወዲህ እግሯ ረግጦት አያውቅም። ማድረቂያ ምድጃው ያው የድሮው ነው፤ እጀታው ግን በሽቦ ታስሯል። አንዲት ቀጭን ልጅ የማጣሪያ ወረቀቶችን በመቆንጠጫ እያነሣች፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ትመዝናለች። ጣቶቿ በውሃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«የአባ ደለል ተማሪ ነሽ?»

«አዎ። ማንን ፈልገው ነው?»

«ከመጽሔቱ ነኝ። ሠንጠረዥ ሦስትን ማን ሠራው?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። «ማን ምን አለዎት?»

«ማንም ምንም አላለኝ። እኔም እዚች ወንበር ላይ ተቀምጬ መዝኛለሁ።»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ነኝ። የቀዳሁትም የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ግን በእናትዎ ይተዉት። መመረቂያዬን ላቀርብ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። እሳቸው ካልፈረሙልኝ አለቀልኝ።»

«ታዲያ ስምሽ የታለ?»

«ምስጋናው ላይ አለሁ።»

ነጠላ ሰረዝ ደሟ ፈላ። የራሷን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ አወጣችላት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አዳመጠቻት፤ ሲያልቅ ግን ያንኑ ልመና ደገመች። «ገብቶኛል። ለኔ ብለው ከሆነ ይተዉት። ለራስዎ ከሆነ ደግሞ እኔ እስክመረቅ ይታገሱኝ። ሦስት ወር ብቻ።»

«አስብበታለሁ» ብላት ወጣች። ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ግን አስባ ጨርሳ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ አባ ደለል ሹመቱን ይዞ ቁጭ ይላል።

ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። አብረው ነው የሚኖሩት። እህቷ ነርስ ነች፤ ያኔ ከዩኒቨርሲቲው ስትባረር ከአልጋ ያነሣቻትም እሷ ነች።

«በይ ጣይው!» አለች እህቷ፣ አንሶላውን እየጨመቀች። «የሥራውን ይስጠው። ልጅቷስ ግን?»

«እኔን ያኔ ማን ልጅቷስ ብሎኝ ያውቃል፣ እትዬ?»

እህቷ የልብስ መቆንጠጫ አቀበለቻት።

መጽሔቱ በየዓመቱ ከየዘርፉ ጥቂት ጽሑፎች እየመረጠ በአዳራሽ እንዲቀርቡና እንዲጠየቁ ያደርጋል። ዝርዝሩን የምታዘጋጀው ነጠላ ሰረዝ ነች። የአባ ደለልን የመጀመሪያው ላይ አስገባችው። ዋና አዘጋጁ፣ ጆሮአቸው የደከመ የታሪክ ምሁር፣ ሳያነቡ ፈረሙበት። የግብዣው ደብዳቤ በሕይወቷ ከጻፈቻቸው ሁሉ ያማረ ነበር፤ «አንጋፋ» የሚለውን ቃል ሁለቴ አስገብታበታለች።

አባ ደለል በነጋታው ራሱ መጣ፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

«አንቺ ነሽ እንዴ! ቂም እንደማትይዢ ድሮም አውቃለሁ» አለና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

«አመሰግናለሁ፣ ፕሮፌሰር» አለች። ገና አልሆነም ነበር፤ ግን ስትጠራው ፊቱ ሲበራ ማየት ፈልጋ ነው።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም አለ። መሐንዲሱ፣ የቋንቋ ምሁሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የሥነ ፈለክ አስተማሪዋ፣ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። አባ ደለል አርባ ደቂቃ አወራ። ጥያቄ ሲፈቀድ ነጠላ ሰረዝ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች። እትሙን ጠቅልላ ይዛለች።

«የማጣሪያ ወረቀቶቹን ምድጃ ውስጥ ስንት ሰዓት አቆዩአቸው?»

«እ… እስኪደርቁ ነዋ። ሁለት ሦስት ሰዓት።»

«ጽሑፍዎ ሃያ አራት ይላል።»

መሐንዲሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እሱን ማለቴ ነው» አለ እየሳቀ።

«የሐምሌ አሥራ አራቱንስ ናሙና የቀዱት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«ራሴ!» አለ አፉን ሞልቶ። «ዝናቡ እየደበደበኝ። ይኸው ተማሪዬ አብራኝ ነበረች። እስቲ ተነሺና ንገሪያቸው።»

ልጅቷ ከኋላ ተነሣች። ነጠላ ሰረዝን በልመና ዓይን አየቻት። ከዚያም «አዎ፤ የቀዱት እሳቸው ናቸው» አለች።

ነጠላ ሰረዝ ይህን አልጠበቀችም። አሁን እትሙን ብትገልጠው ልጅቷ በሕዝብ ፊት ውሸታም ትባላለች። ብትቀመጥ አባ ደለል ያመልጣል። ቀና ስትል ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ይወለውላል። የሚያደርገው እንደዚያ ቀን ነው፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ገለጠችው።

ገጽ አራትን ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑን ከነዓመቱ ጮክ ብላ አነበበች። ፎቶውን ወደ አዳራሹ አዙራ አሳየች። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙ ከወደ ጥግ፣ «ታዲያ በየጠዋቱ በዋና ነው የተመላለሱት?» ብሎ ጠየቀ፤ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ።

የአባ ደለል ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። «የ… የቀን ስሕተት ነው። የአራሚ ስሕተት!»

«አራሚዋ እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ሰረዝ አስተካክላለሁ እንጂ ሰው ከአገር አገር አላዛውርም።»

ዋና አዘጋጁ ስብሰባውን በተኑ። ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ሮጣ ወጣች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የነጠላ ሰረዝም የድሮ ጉዳይ አብሮ ተቆፈረ። በሁለት ወር ውስጥ አባ ደለል የጠበቀው ሹመት ተሰረዘ፤ ተማሪ እንዳያማክር ታገደ፤ ጡረታ እንዲወጣም ተነገረው። ጽሑፉን ከመጽሔቱ ለማንሣት ቅጽ መሙላት ነበረበትና ቢሮዋ መጣ። መጀመሪያ ቀኑ ጎድሏል ብላ መለሰችው። ሁለተኛ ፊርማው ከሳጥኑ ወጥቷል አለችው። በሦስተኛው፣ «ሰማያዊ አይሆንም፤ በጥቁር ቀለም ነው» አለችው። እስክሪብቶ ለመናት። የራሷን አልሰጠችውም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ኋላ ለሚጠይቋትም ሁሉ ይህን አልደበቀችም።

አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ የከረመው ግን የልጅቷን ነገር እስክትሰማ ነው። በሐሰት መሰከርሽ ተብላ አንድ ዓመት ከትምህርት ታግዳለች። ነጠላ ሰረዝ ኮሚቴው በር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ጠብቃ ገባች።

«ፈርታ ነው የዋሸችው» አለች።

«መፍራቷን ያውቁ ነበር?» አሏት ሰብሳቢዋ።

«አውቅ ነበር።»

«እንዲተዉት ለምናዎት ነበር?»

«ለምናኛለች። ሦስት ወር ብቻ ይታገሱኝ ብላኛለች።»

ሰብሳቢዋ ይህንን ጻፉ። ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር ወረደ፤ ሌላ አማካሪም ተመደበላት። ነጠላ ሰረዝ ዜናውን ይዛ ላብራቶሪ ስትደርስ ልጅቷ ዕቃዋን በካርቶን እያሰረች ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «ሥራውም በስሜ ይወጣል ብለውኛል። አመሰግናለሁ እንድልዎ ነው የመጡት?»

«አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

ልጅቷ ገመዱን ሁለቴ ቋጠረችው። «እሳቸው ስሜን ወሰዱብኝ። እርስዎ ደግሞ ያንኑ ስም በሦስት መቶ ሰው ፊት አጎደፉት። የትኛው እንደሚብስ ገና አልወሰንኩም።» ካርቶኑን አንሥታ በአጠገቧ አለፈች።

በወሩ ለነጠላ ሰረዝ ደብዳቤ መጣላት። የድሮው ውሳኔ ተሽሯል፤ መመረቂያዋን አድሳ ማቅረብ ትችላለች። እህቷ ደብዳቤውን ነጥቃ ጮክ ብላ አነበበችው፤ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አቅፋም ሳመቻት። ሲበርድላት ግን የነጠላ ሰረዝ ፊት አለመፈታቱን አየች።

«ምነው? ጸጸተሽ?»

«በሱ አልጸጸትም» አለች። «ነገ ቢመጣም ቀለሙ ጥቁር ካልሆነ እመልሰዋለሁ።» ደብዳቤውን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ልጅቷን ግን በዚያ ቀን ከአዳራሹ ማስቀረት እችል ነበር እኮ፣ እትዬ። አንድ ሰበብ ፈጥሬ ሌላ ቦታ ብልካት በቂ ነበር። ሐሳቡ እንኳ አልመጣልኝም።»

እህቷ መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው። ነጠላ ሰረዝም ወንበሯን ስባ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፈችውን መመረቂያ ከመጀመሪያው ገጽ ማረም ጀመረች።