ሞልቶ የተመለሰ ብልቃጥ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተከራይቼ ስኖር፣ ለማስተርስ ጥናቴ የቀረኝ አንድ ክሪስታል ብቻ ነበር። ሺፍ ቤዝ የሚባለውን ቢጫ ውህድ ከመዳብ ጋር ሳዋህደው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሁለት ናይትሮጅንና ሁለት ኦክስጅን መዳቡን በአራት ማዕዘን ከበው እንደያዙት አምን ነበር። ለማረጋገጥ ግን በኤክስሬይ የሚታይ፣ ጤፍ የምታክል ንጹሕ ክሪስታል ያስፈልጋል። ናሙናዎች ወደ ውጭ የሚላኩበት ቀን ደግሞ ተቆርጧል።

ክሪስታል የሚያድገው ውህዱ የሟሟበት አልኮል በጸጥታ፣ ቀስ እያለ ሲተን ነው። ከላብራቶሪያችን ጎን ፎቅ ስለሚሠራ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ያለኝን ፈሳሽ በሙሉ በብልቃጥ ወደ ቤት ይዤ መጣሁና፣ አፉን በፎይል ሸፍኜ፣ ፎይሉን በመርፌ ወጋግቼ፣ በአከራዬ በእትዬ የማርያምወርቅ ብፌ ውስጥ አኖርኩት። ለአሥር ቀን ቤተሰብ ልጠይቅ ልሄድ ነበር።

«እትዬ፣ አደራ። እንዳይነቀነቅ። መርዝ ነው።»

«ልጠጣው መሰለሽ? ሂጂ፣ በሰላም ግቢ!»

የተመለስኩት በመላኪያው ቀን ዋዜማ ነው። ብልቃጡ እስከ አንገቱ ሞልቷል። ከታች አረንጓዴ ዱቄት ዘቅጧል።

«ይሄ እንዴት ሞላ፣ እትዬ?»

«በየቀኑ እየጎደለብኝ እኮ ነው! ክዳኑን በሳስተሽው ሄደሻል። የሰው አደራ አጉድዬ ልመልስ? ከእንጦጦ ማርያም ካመጣሁት ጠበል ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ሳልነቀንቀው ደግሞ!»

ውሃው ውህዱን ክሪስታል ሳይሆን ዱቄት አድርጎ ጥሎታል፤ ዱቄቱን አሟሙቶ እንደገና ክሪስታል ለማሳደግ ሳምንታት ይፈልጋል። እኔ ያለኝ አንድ ሌሊት ነው።

ፊቴን አዩት። «ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

በማግሥቱ አማካሪዬ ዶክተር ነገሳ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሱት።

«ማነው ውሃ የጨመረበት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ! ኬሚስቷ!» ሳቁ፤ ቀጥለው ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በይ እንግዲህ፣ ከሞለኪዩሉ ሥዕል ሥር ‹የተገመተ መዋቅር› ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

አሁን መገናኛ አካባቢ አስተምራለሁ። እትዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ጥናቴን ስገልጥ ያቺን መስመር አያታለሁ፤ ድሮ አፍርባት ነበር። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። እዚያ አልነበርኩም፤ ግን እትዬ ብፌው ፊት ተንበርክከው፣ ፎይሉን በጥፍራቸው ገለጥ አድርገው፣ ብልቃጡ እንዳይነቀነቅ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበሉን ሲያንጠባጥቡ አያቸዋለሁ።